ብራዚል፦ ምድሩ፣ ሕዝቡና ያልተቋጨው የመሬት ጥያቄ



በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የክብር ዘበኛ ጦር አዲስ አበባ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገር ውስጥ አልነበሩም። የታኅሣሡን ግርግር ታሪክ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጃንሆይ ብራዚል ነበሩ። ለብዙዎቻችን የብራዚል ስም ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚነሣው በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ውጪ የምናውቀው ፔሌን፣ ሮናልዶን፣ ካርኒቫልንና የአማዞንን ደን ነው። ዛሬ ማታ ከዚያ ራቅ ብለን እንድንሄድ እፈልጋለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ዓለም ለብራዚል የሚወድላትን ነገር፣ ሳምባውን፣ ካፖኤራውን፣ ብዙውን ምግቧንና የኳስ ጥበቧን፣ በአብዛኛው የሰጧት በባርነት ተጭነው የመጡ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። አገሪቱ ይህን ባህል አንድ ዘመን በፖሊስ አሳደደችው፤ በሌላው ዘመን ደግሞ የብሔራዊ ኩራቷ ምልክት አድርጋ ከፍ አደረገችው። መሬት ግን አልሰጠቻቸውም። የመሬት ጥያቄ ዙፋን ሲያናጋ ያየ አገር ሕዝብ ይህን ታሪክ ከሌላው ቀድሞ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ምድሩ ጥቂት ልበል። ብራዚል ስምንት ሚሊዮን ተኩል ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት አላት፤ ኢትዮጵያን ከሰባት ጊዜ በላይ ታጥፋለች። ከደቡብ አሜሪካ አገሮች የማትዋሰናቸው ቺሊንና ኢኳዶርን ብቻ ነው። የምድር ወገብ በሰሜን በኩል በማካፓ ከተማ ያልፋል፤ በደቡብ ጫፍ ያሉት ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ክረምት ሲሆን ውርጭ ይመታቸዋል። በ2022 በተደረገው ቆጠራ 203 ሚሊዮን ሕዝብ ተቆጥሯል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ጥቁር ወይም ቅይጥ ብሎ አስመዝግቧል።

አማዞንን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ ስለ ደኑ ብዙ ሰምታችኋል። ወደ ውቅያኖሶች የሚፈሰው የዓለም የወንዝ ውኃ አምስት እጅ ቢደረግ አንዱን እጅ ያህል የሚያፈሰው አማዞን ነው። ከወንዙ ሌላ ደግሞ በዓይን የማይታይ ውኃ አለ። ዛፎቹ ከሥራቸው የሳቡትን ውኃ በቅጠላቸው ያተናሉ፤ እርጥበቱን ነፋስ ወደ ምዕራብ ይነዳዋል፤ የአንዲስ ተራራ ሲያግደው ወደ ደቡብ ይታጠፍና ሳኦ ፓውሎ ድረስ ላለው እርሻ ዝናብ ይሆናል። ደኑን መንጥሮ ከብት የሚያረባው ባለሀብት በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ የሌላ ገበሬን ዝናብ ይቆርጣል ማለት ነው። እዚያም ቢሆን ነገሩ ዞሮ ዞሮ መሬት ነው። ሺኮ ሜንዴስ የሚባል የጎማ ዛፍ እየፈቀፈቀ የሚኖር ሠራተኛ ባልደረቦቹን አስተባብሮ ደን መንጣሪዎችን ፊት ለፊት ሲገጥም ኖረ፤ በዲሴምበር 1988 ሻፑሪ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ። ከሞቱ በኋላ ነው መንግሥት የደኑን ነዋሪዎች የመጠቀም መብት የሚያስከብሩ ጥብቅ ቦታዎችን መከለል የጀመረው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1500 የፖርቱጋል መርከበኛ ፔድሮ አልቫሬስ ካብራል ዛሬ ባሂያ በሚባለው ክፍለ ግዛት ጠረፍ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ምድሩ ባዶ አልነበረም፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ፣ በብዙ መቶ ቋንቋዎች የሚናገሩ ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር። በሽታ፣ ጦርነትና የግዳጅ ሥራ ጨረሷቸው። ዛሬ የቀሩት ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ናቸው፤ ቁጥራቸውም እንደገና እያደገ ነው።

ፖርቱጋሎች በሰሜን ምሥራቁ ጠረፍ ሸንኮራ አገዳ ተከሉ፤ አገዳው ደግሞ ጉልበት ፈለገ። ጉልበቱን ከአፍሪካ አመጡት፤ ከአንጎላና ከኮንጎ፣ ከዛሬዎቹ ቤኒንና ናይጄሪያ፣ በኋላም ከሞዛምቢክ። ወደ ዛሬይቱ ዩናይትድ ስቴትስ በቀጥታ የተወሰዱት አፍሪካውያን 400 ሺህ አይሞሉም። ወደ ብራዚል የተወሰዱት ከአራት ሚሊዮን ተኩል ይበልጣሉ። ይህን ቁጥር በጥሞና ስሙት፤ ስለ አሜሪካ ጥቁሮች ብዙ የሚያውቅ ሰው ስለ ብራዚል ጥቁሮች ምንም አለማወቁ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በ2011 ሪዮ ዴ ጃኔይሮ ውስጥ ለኦሊምፒክ ተብሎ ወደቡ ሲታደስ ቆፋሪዎች የድንጋይ ንጣፍ አገኙ። ቫሎንጎ የተባለው የባሪያ ማራገፊያ ወደብ ነበር። በ1843 አዲስ ልዕልት ከባሕር ማዶ ስትመጣ ቦታው እንዲያምር ተብሎ በላዩ ሌላ ንጣፍ ተነጥፎበት ነበር። አሁን የዓለም ቅርስ ነው።

የተወሰዱት ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በዛሬው አላጎዋስ ክፍለ ግዛት ውስጥ ፓልማሬስ የተባለ፣ ከአገዳ እርሻ ያመለጡ ሰዎች የመሠረቱት ነፃ ግዛት አብዛኛውን የአሥራ ሰባተኛውን ክፍለ ዘመን ቆይቷል። የራሱ ሹማምንት፣ የራሱ እርሻ፣ የራሱ ምሽግ ነበረው። የመጨረሻው መሪ ዙምቢ ኖቬምበር 20 ቀን 1695 ተገደለ። በ1835 ደግሞ ሳልቫዶር ከተማ ውስጥ ዐረብኛ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሙስሊም አፍሪካውያን በረመዳን ወር ዐመፅ አስነሡ። ዐመፁ ከሸፈ፤ ብዙዎቹ ተገደሉ፣ ተገረፉ፣ ተጋዙ። በአንገታቸው ካንጠለጠሉት ክታብ ውስጥ የተገኙት የዐረብኛ ጽሑፎች እስከ ዛሬ በቤተ መዛግብት አሉ።

ሳልቫዶር እስከ 1763 ድረስ የብራዚል ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬም የጥቁር ብራዚል ልብ ናት፤ ስለ እሷ ዘርዘር አድርጌ ብናገር አትታዘቡኝ።

በሳልቫዶር ጎዳና ጥግ ነጭ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች፣ ራሷን በነጭ ሻሽ የጠመጠመች፣ ጨሌዋን በአንገቷ የደረደረች ሴት ሰፊ መጥበሻ ፊት ለፊቷ አድርጋ ተቀምጣ ታገኛላችሁ። የምትጠብሰው አካራዤ ይባላል። አሠራሩ ይህን ይመስላል፤ ዓይኑ ጥቁር የሆነውን የአደንጓሬ ዓይነት ዘፍዝፋ ገለባውን እያሸች ታነሣለች፤ ትፈጨዋለች፤ ሽንኩርትና ጨው ጨምራ አየር እስኪይዝ ድረስ በእንጨት ማንኪያ ትመታዋለች። ከዚያ በማንኪያ እየቆረጠች ዴንዴ በሚሉት ቀይ የፓልም ዘይት ውስጥ ትጥለዋለች። ዘይቱ ከዘንባባ ፍሬ ተጨምቆ ያልተጣራ ስለሆነ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ቦንቦሊኖ የሚያህለው ጥብስ ሲወጣ በቢላ ትከፍለውና ከኮኮናት ወተት፣ ከኦቾሎኒና ከሽሪምፕ የተሠራ ወጥ ትሞላበታለች፤ በርበሬውን ምን ያህል እንደምትፈልጉ ጠይቃችሁ ትጨምራለች።

ይህ ምግብ ከምዕራብ አፍሪካ ከዮሩባ ሕዝብ የመጣ ነው። በባርነት ዘመን ሴቶች ለጌቶቻቸው ገቢ እንዲያስገቡ ወደ ጎዳና ይላኩ ነበር፤ ከሽያጩ የተረፈቻቸውን ሳንቲም እያጠራቀሙ ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ከባርነት የገዙ ብዙ ናቸው። አካራዤ የእምነት ምግብም ነው፤ ካንዶምብሌ በተባለው አፍሪካዊ እምነት ኢያንሳን ለተባለችው የማዕበል መንፈስ ይቀርባል። ዛሬ የሴቶቹ ሙያ በመንግሥት የብሔራዊ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሆኖም በ2014 የዓለም ዋንጫ ሰሞን በስታዲየሙ አካባቢ የመሸጥ መብታቸውን ሊያጡ ነበር፤ ማኅበራቸው ተሟግቶ ነው ቦታ ያስከበረላቸው። በቅርስ መዝገብ መስፈርና መቀመጫ ቦታ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ካንዶምብሌም እንዲሁ ነው። አማኞቹ መንፈሶቻቸውን ከካቶሊክ ቅዱሳን ሥዕሎች ጀርባ ደብቀው ለዘመናት አቆዩ። ሳልቫዶር ባለችበት ባሂያ ውስጥ እስከ 1976 ድረስ ሥርዓቱን ለመፈጸም ከፖሊስ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነበር። ሪዮ ውስጥ ፖሊስ ከቤተ አምልኮዎቹ የዘረፋቸው ከበሮዎች፣ ዙፋኖችና ጌጦች እንደ ወንጀል ማስረጃ በፖሊስ ሙዚየም ተከማችተው ኖረዋል። ከ500 በላይ የሚሆኑት ወደ ሌላ ሙዚየም ተዛውረው በእምነቱ መሪዎች ተሳትፎ መጠናት የጀመሩት ገና በ2020 ነው።

ካፖኤራን ብዙዎቻችሁ በፊልም አይታችሁታል። ትግል ነው፣ ጭፈራም ነው፣ ዜማም ነው። ሰዎች ክብ ይሠራሉ። በክቡ ራስ ላይ ቤሪምባው የሚባለው መሣሪያ ይቆማል፤ በብረት ሽቦ የተወጠረ ደጋን ሲሆን ከታችኛው ጫፉ ከፍ ብሎ የተቆረጠ ቅል ታስሮበታል። መቺው በአንድ እጁ ደጋኑንና ሽቦውን የሚጫን ድንጋይ ይይዛል፤ በሌላው እጁ ቀጭን ዘንግና በውስጧ ፍሬ ያለባት ትንሽ የሰንደዶ ቅርጫት። ቅሉን ከሆዱ ሲያራርቅና ሲያስጠጋ ድምፁ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሁለቱ ተጫዋቾች ከመሣሪያው ግርጌ ቁጢጥ ብለው ይጀምራሉ፤ ዜማው ከፈጠነ ይፈጥናሉ፣ ከዘገየ ይዘገያሉ። የተጋጣሚህ እግር ፊትህ ድረስ መጥቶ ሳይነካህ ያልፋል፤ ክብሩ ያለው መምታት በሚችልበት ቅጽበት ባለመምታቱ ላይ ነው።

ባርነት በወደቀ በሁለት ዓመቱ፣ በ1890 የወጣው የወንጀል ሕግ ካፖኤራን በጎዳና መጫወት በእስር የሚያስቀጣ አደረገው። ሕጉ እያለ በድብቅ ኖረ። በ1930ዎቹ መምህር ቢምባ ሳልቫዶር ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍተው በ1937 የመንግሥት ዕውቅና አገኙ፤ በ2014 ዩኔስኮ መዘገበው። ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች ወጣቶች ይማሩታል።

አሁን ወደ ቡና። እዚህ ላይ እኛም ባለጉዳይ ነን። ከጫካችን የወጣው ቡና በየመን፣ በጃቫ፣ በአምስተርዳምና በፓሪስ የእጽዋት ማቆያዎች አልፎ ደቡብ አሜሪካ ደረሰ። በ1727 ፍራንሲስኮ ዴ ሜሎ ፓልዬታ የተባለ መኮንን ከፈረንሳይ ጉያና ዘሩን ወደ ብራዚል እንዳስገባ ይነገራል። ቡናው ትልቅ ነገር የሆነው ግን በኋላ ነው። በ1791 ሄይቲ ውስጥ ባሪያዎች ተነሥተው የዓለምን ትልቁን የቡና እርሻ ሲያቃጥሉ ገበያው ክፍት ሆነ። የብራዚል ባለርስቶች የጎደለውን ቦታ ሞሉት፤ በምን ጉልበት ብትሉ፣ በባሪያ ጉልበት። በአንዱ አገር የነፃነት ትግል የከፈተው ገበያ በሌላው አገር ባርነትን ማጠናከሩ ከታሪክ መራር ነገሮች አንዱ ነው።

ከሪዮ በስተጀርባ ያሉት ተራሮች ተመንጥረው ቡና ተተከለባቸው። አፈሩ ታጠበ፣ የከተማይቱ ምንጮች ደረቁ። በ1861 ንጉሠ ነገሥት ፔድሮ ዳግማዊ ደኑ እንዲመለስ አዘዙ፤ ችግኙን መትከል የጀመሩት ራሳቸው በባርነት የተያዙ ሠራተኞች ናቸው። ዛሬ ቱሪስት የሚያደንቀው፣ የክርስቶስ ሐውልት ከላዩ የቆመበት የቲዡካ ደን በእነዚያ እጆች ተተክሎ የበቀለ ነው።

ከዚያ ቡናው ወደ ሳኦ ፓውሎና ወደ ሚናስ ዤራይስ ዘለቀ። ብራዚል ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የዓለም ቀዳሚ አምራች ሆና ቆይታለች፤ አሁንም ዓለም ከሚያመርተው ሲሶ ያህሉ የእሷ ነው። እኛ ዘንድ እናቶች ቀይ እሸቱን እየመረጡ ይለቅማሉ፤ እዚያ ግን ሜዳ በሆነው እርሻ ማሽን ዛፉን እያንቀጠቀጠ አንድ ጊዜ ያራግፈዋል፤ ከዚያ በሲሚንቶ በተለሰነ ሰፊ አውድማ ይሰጣል። በ1930ዎቹ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ ዋጋውን ለመደገፍ መንግሥት በ13 ዓመት ውስጥ 78 ሚሊዮን ያህል ጆንያ ቡና አቃጥሏል። በጁላይ 1975 ደግሞ ፓራና በተባለው ክፍለ ግዛት ጥቁር ውርጭ ወርዶ የቡናውን ተክል ከሥሩ አደረቀው፤ በቀጣዩ ዓመት የፓራና ምርት ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። በ1977 የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ። የጅማና የሲዳማ ገበሬ የማያውቀው አገር የአንድ ሌሊት ብርድ የጆንያውን ዋጋ እንደሚለውጥ የቡና ነጋዴዎቻችን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ወደ ፍሬ ነገሩ ልመለስ። በ1850 ብራዚል ሁለት ሕጎች አወጣች። አንደኛው ባሪያ ከአፍሪካ ማስገባትን ከለከለ። ከእሱ በሁለት ሳምንት ልዩነት የወጣው ሁለተኛው ሕግ የመንግሥት መሬት ከእንግዲህ በግዢ ካልሆነ በቀር አይገኝም አለ። የባርነቱ መጨረሻ ሳይደርስ መሬቱ ተቆለፈ። ሜይ 13 ቀን 1888 ልዕልት ኢዛቤል ባርነትን የሚሽረውን ሕግ ፈረሙ፤ ከመላው አሜሪካ አህጉር የመጨረሻው ነበር። ሕጉ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው ያለው። ለተፈቱት ሰዎች ጥማድ በሬ፣ ቁራሽ መሬት፣ የአንድ ወር ስንቅ የሚል ነገር የለበትም። በአንጻሩ የሳኦ ፓውሎ መንግሥት ከጣሊያን ለሚመጡ ስደተኞች የመርከብ ዋጋ እየከፈለ ያስመጣ ነበር፤ ከ1908 ጀምሮ ጃፓኖችም መጡ። ስደተኞቹም ብዙ ተቸግረዋል፤ ልጆቻቸው ዛሬ የብራዚል አንድ አካል ናቸው። ነገር ግን ሦስት መቶ ዓመት ያረሰው ሰው ተዘሎ ሌላ ገበሬ መጠራቱን ማለፍ አይቻልም።

መሬት ያጣው ሕዝብ ከተማ ወረደ፤ ከተማ ውስጥም ቦታ ሲያጣ ኮረብታ ወጣ። በ1897 ከጦርነት የተመለሱ፣ ቤት ይሰጣችኋል ተብለው ያልተሰጣቸው ወታደሮች ሪዮ መሐል ያለውን የፕሮቪደንሲያ ኮረብታ ያዙ፤ ፋቬላ የሚሉት የድኾች መንደር የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። በ2022 ቆጠራ በፋቬላዎች 16 ሚሊዮን ሰው ይኖር ነበር።

የዘመኑ ሳምባ የተወለደው በእነዚያ ኮረብታዎችና ከሥራቸው ባሉት ሰፈሮች ነው። ከባሂያ ወደ ሪዮ የመጡት ቲያ ሲያታ የተባሉ ጣፋጭ ሻጭና የእምነት እናት በቤታቸው ድግስ ያዘጋጁ ነበር፤ ከፊት ሳሎን እንግዳ የሚያስተናግድ ሙዚቃ፣ ከጓሮ ከበሮ። በ1917 በሸክላ የታተመው፣ የመጀመሪያው ሳምባ የሚባለው ዘፈን ከእሳቸው ቤት ጨዋታ የወጣ ነው። በ1928 የመጀመሪያዎቹ የሳምባ ማኅበራት ተቋቋሙ። ጊታር ይዞ መንገድ ላይ የተገኘ ጥቁር በሥራ ፈትነት የሚታሰርበት ጊዜ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ መንግሥት ራሱ ሳምባውን በሬዲዮ ያስተላልፈው ጀመር።

ኳሱም በዚያው መንገድ ሄደ። በ1923 ቫስኮ ዳ ጋማ የተባለው ክለብ ጥቁርና ድኻ ተጫዋቾችን አሰልፎ የሪዮ ሻምፒዮን ሆነ። ትልልቆቹ ክለቦች ተገንጥለው ሌላ ሊግ አቋቋሙና ቫስኮ መግባት ከፈለገ 12 ተጫዋቾቹን እንዲያስወጣ ጠየቁ። የክለቡ ፕሬዚዳንት በኤፕሪል 1924 በጻፉት ደብዳቤ አናስወጣም አሉ። ከዚያ ደብዳቤ በኋላ 34 ዓመት ቆይቶ የ17 ዓመቱ ፔሌ ስዊድን ላይ ዋንጫ አነሣ።

ጃንሆይ በጎበኙበት ዓመት የተመረቀችው ብራዚሊያም ከዚህ ታሪክ አታመልጥም። ፕሬዚዳንት ጁሴሊኖ ኩቢቼክ በባዶ አምባ ላይ አዲስ ዋና ከተማ በአራት ዓመት ገደማ አሠሩ፤ ሉሲዮ ኮስታ ፕላኗን፣ ኦስካር ኒማየር ሕንፃዎቿን ነደፉ። ኮንክሪቱን የተሸከሙት ከድርቅ የሸሹ የሰሜን ምሥራቅ ሰዎች ናቸው። ሥራው ሲያልቅ በሠሯት ከተማ ውስጥ መኖሪያ አልተመደበላቸውም። በ1971 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጎጆ ነዋሪዎች ከመሐል ተነሥተው ሴይላንዲያ ወደተባለ ሩቅ መንደር ተወሰዱ፤ ያ መንደር ዛሬ ትልቅ ከተማ ሆኗል።

የመሬቱ ጥያቄ ዛሬስ? አርሶ አደሮች በ1984 የመሬት የለሾች ንቅናቄን መሥርተው ጦም ያደረ ሰፋፊ ርስት እየያዙ ያርሳሉ። በኤፕሪል 1996 ፓራ በተባለው ክፍለ ግዛት መንገድ ዘግተው በሰልፍ ከቆሙት መካከል 19ኙን ፖሊስ ገድሏል። በሌላ በኩል ከ2003 ጀምሮ የአፍሪካ ታሪክ በትምህርት ቤት ግዴታ ሆኗል፤ ከ2012 ጀምሮ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ግማሹን ቦታ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ለመጡ ተማሪዎች፣ በውስጡም ለጥቁሮችና ለነባር ሕዝቦች ይመድባሉ። ከ2024 ጀምሮ ዙምቢ የተገደለበት ኖቬምበር 20 በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት በዓል ነው።

በ1988 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ካመለጡ ባሪያዎች መንደሮች ለተወለዱት ማኅበረሰቦች የያዙት መሬት የራሳቸው ነው፣ መንግሥትም ካርታ ይስጣቸው ይላል። እነዚህ ሰዎች በሕዝብ ቆጠራ ራሳቸውን ችለው የተቆጠሩት በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ሆነው ተገኙ። ከእነሱ ውስጥ ካርታው በእጃቸው በገባ መሬት ላይ የሚኖሩት ከመቶ አምስት አይሞሉም። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ማመልከቻቸውን አስገብተው እየጠበቁ ናቸው።